ስድብ የናፈቀው የገና መቺ

ልጄ ደምሰው፣ አስቀድሜ ይቅርታ እለምናለሁ። አንተ የአንድ ከተማ እግር ኳስ ቡድን ሰብሳቢ ነህ፤ የጠየቅኸኝም ከባድ ነገር ነው። «የኔታ፣ ያ ስመ ጥር ግብ አግቢ ውሉን ጨርሶ ነፃ ሆኗል። ዕድሜው ሠላሳ አራት ነው። አምስት ዓመት ላስፈርመው ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሃል። እኔ ደግሞ ፊደል ከማስቆጠር በቀር ሌላ ቆጠራ አላውቅም። እንዲህ ላለው ጉዳይ በተረት መመለስ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ነውሩን ተሸክሜ ልናገር።

አንድ ሰው ነበረ። የገና ጨዋታ መቺ ነበረ።

የሚኖረው ከወንዝ ማዶ ነው። በጉብዝናው ወራት ሩሯን፣ ያቺን ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል፣ በቆልማማ ዱላው ሲያገኛት ተመልካቹ ድምፁን ሰምቶ ዞር እስኪል ድረስ እሷ ከወሰኑ አልፋለች። በገና ዕለት ጌታና ሎሌ የለም፤ ያሻህን ብትሳደብ የሚቆጣህ የለም። እሱ ዱላውን ባነሳ ቁጥር የወንዝ ወዲህ ሰዎች «ክንድህን ምስጥ ይብላው!» ይሉታል። «ያቺን ዱላ ለእናትህ ማማሰያ አድርግላት!» ይሉታል። እሱም ይስቅና ይመታል። የገዛ መንደሩ ለዚህ ሁሉ የሰጠው አንድ ዋንጫ ጠላና ጭብጨባ ነበር። «የራሳችን ልጅ አይደል፤ ወዴት ይሄዳል?» ይሉ ነበር።

ከወንዙ ወዲህ ደግሞ አንድ ባለጸጋ ነበረ። ጎረምሳ ሳለ ወሰን ሲጠብቅ ሩሯ በራሱ ላይ ሽው ብላ አልፋ ነበር። ከብት አረባ፣ ልጆች ዳረ፣ ፀጉሩ ሸበተ፤ ያቺ ሽውታ ግን ከጆሮው አልወጣችም። «ያ ሰው አንድ ቀን ለእኔ ቢመታልኝ!» እያለ ይመኛል። በመጨረሻ መቺውን አስጠርቶ በሽማግሌዎች ፊት እንዲህ ሲል ማለለት፦ መቺው ወዲህ ተሻግሮ ይቀመጥ፤ በየገናው ለእኛ ይምታ፤ በወንዙ ዳር ያለው ለምለም የመንደሩ መስክ ሰባት ዓመት የመቺው ከብቶች መጋጫ ይሁን። መንደርተኛው ላሞቹን ወደ ድንጋያማው ጋራ ነዳ። የባለጸጋው ሚስት ብቻ «ጌታዬ፣ የገዙት አምና ያረሰውን በሬ ነው» አለች።

«ዝም በይ፤ አንቺ አላየሽውም» አላት።

በመጀመሪያው ዓመት መቺው ደህና መታ። ከዚያ በኋላ ግን ዓይኑና እጁ ተኳረፉ። ዓይኑ ከቀድሞው ይልቅ ሊቅ ሆኗል፤ ሩሯ በየት በኩል እንደምትመጣ ከሁሉ በፊት ያውቃል። እጁ ግን ዘግይቶ ይደርሳል። ዓይኑ «አሁን!» ሲል አንጓው «ቆይ እስቲ» ይላል። ማለዳ ማለዳ ብቻውን መስኩ ላይ እየወጣ ደረቅ ኩበት ይመታ ጀመር። የሚፈልገው ያቺን «ጧ!» የምትል ድምፅ ነበር። ኩበት ግን «ጧ» አይልም።

በአራተኛው ገና ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆነው ፀሐይ አዘቀዘቀች። ሩሯ ተንከባልላ መቺው እግር ሥር ቆመች። ከፊቱ የትውልድ መንደሩ ሰዎች ተደርድረዋል። ዱላውን አነሣና ስድቡን ጠበቀ። ዝም አሉ። ይባስ ብለው መንገድ ለቀቁለት። ከመካከላቸው አንዱ ቀረብ ብሎ «ቀስ ይበሉ አባባ፤ ወገብዎን እንዳያምዎት» አለው።

መቺው በሕይወቱ ከዚህ የከፋ ነገር ሰምቶ አያውቅም።

«እባክህ ስደበኝ» አለው በሹክሹክታ።

«ኧረ በስመ አብ! እርስዎን? በየት አፌ!»

መቺው ዱላውን ጣለ። በጨዋታው ሕግ ሩር በእጅ አይነካም፤ እሱ ግን ጎንበስ ብሎ አነሣት። ሜዳውን አቋርጦ ሄደና በባለጸጋው መዳፍ ላይ አኖራት። «ጌታዬ፣ የሚመኟት ምት ከወንዙ ማዶ ቀርታለች። የመታሁት እዚያ፣ የበላሁት እዚህ። መሐላውን ይፍቱልኝና የሰዉ ላሞች ወደ መስካቸው ይመለሱ።»

ባለጸጋው ሩሯን አገላበጣት። «አልፈታም» አለ። «እሱን የፈታሁ ዕለት እኔም አርጅቻለሁ ማለት ነው።»

ስለዚህ መሐላው ጸና። የመንደሩ ላሞች ጋራው ላይ ድንጋይ እየላሱ ወተታቸው ነጠፈ። መቺውና ባለጸጋው፣ ሁለቱም ሸምግለው፣ በየገናው ከሜዳው ዳር ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚሰድባቸው ይጠብቃሉ። ከፊታቸው የዚሁ የወዲህ መንደር ጎረምሳ ሩሯን ከወሰን ወዲያ ይሰዳታል። ለእሱም ምን ሰጡት? አንድ ዋንጫ ጠላ።

ልጄ ደምሰው፣ መቺው ያ ግብ አግቢ ነው። ባለጸጋው አንተ ነህ። መስኩ ደግሞ የከተማው ሰው ከጉሮሮው ነጥቆ ያዋጣው ገንዘብ ነው። ሰው ጉልበቱን በሃያ አምስቱ ይሰጣል፣ ዋጋውን በሠላሳ አራቱ ይቀበላል፤ የሚከፍለውም በጉልበቱ ያልተጠቀመው ነው። ማስፈረምህ ካልቀረ አንድ ዓመት ይበቃል። ያንንም ቢሆን መጀመሪያ ሌላ ከተማ ሄደህ የተጋጣሚ ደጋፊ ሲያየው ምን እንደሚል ስማ። ከሰደቡት አስፈርመው፤ ካጨበጨቡለት ተወው። የተረፈህን በሰፈርህ ሜዳ ላይ ዛሬ ለሚያገባው ስጥ። አምስቱን ዓመት የምትፈርመው ለእሱ እንዳይመስልህ፤ በሬዲዮ ስሙ ሲጠራ ከመቀመጫው ይዘል ለነበረው ለዚያ ለጎረምሳው ደምሰው ነው። አልፈርድብህም። ድምፄ ሳይሻክር ማኅሌት የቆምሁበትን ዘመን የሚመልስልኝ ቢገኝ፣ እኔም ይህችን ጎጆ እፈርምለት ነበር።

በል ሂድ። አደራህን፣ ይህን ለማንም አትድገም። በተለይ ተጫዋቹ እንዳይሰማ፤ ማርጀቱን እስካሁን የነገረው የለም።