የትብለጥ መቀርቀሪያ

እስቲ ንገረኝ፤ የወንድምህ ጠመንጃ ዒላማ ሲመታ ያንተን ሆድ ምን ያቃጥለዋል?

ሰው ሁሉ ደግ በነበረበት ዘመን ብዬ አልጀምርም፤ እንዲህ ያለውን ዘመን በመጻሕፍትም ፈልጌ አላገኘሁትም። ብቻ ድሮ ነው። ጓንጉት በምትባል መንደር ትብለጥ የምትባል ሴት ነበረች። የቀጥቃጭ ልጅ፣ የቀጥቃጭ ሚስት ነበረች። ባሏ ሲሞት ወናፉን ይዛ ቀረች። ማረሻ ትስላለች፤ ማጭድ ትሞርዳለች፤ ጠመንጃም ትጠግናለች። ሥራዋን ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ከማዕዳቸው አያቀርቧትም። ቡዳ ናት ይሏታል።

የባላባቱ የገሰሰ ልጆች፣ አንዳርጌና ጫኔ፣ አንድ ዓይነት ውጅግራ ጠመንጃ ነበራቸው። አባታቸው ከአንድ ነጋዴ፣ ከአንድ ሳጥን ገዝቶ ነው የሰጣቸው። ታላቁ አንዳርጌ አዳኝ ነው፤ በጋ ከክረምት ይተኩሳል። ታናሹ ጫኔ የራሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ያኖራል፤ ለበዓል ብቻ ያወጣዋል።

አንድ ቀን የአንዳርጌ ጠመንጃ አስቸገረ። በተኮሰ ቁጥር የጥይቱ ቀለህ ይሰነጠቃል፤ ጢሱም ወደ ፊቱ ይመለሳል። ለትብለጥ አመጣላት። ትብለጥ ፈታችው። ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋውን መቀርቀሪያ ጥላሸት ቀባችው፤ ዘጋች፣ ከፈተች፣ ጥላሸቱ የት እንደተፋቀ አየች።

«ጌታዬ፣ ብረቱ ተበልቷል። መቀርቀሪያውና የሚገባበት ቤቱ ተራርቀዋል» አለችው።

የመቀርቀሪያውን የተበላ ትከሻ በብረት ሞላችው፤ ሞረደችው፤ እንደገና ጥላሸት ቀባችው። ገጠመ። አንዳርጌ ያን ሰሞን ከማዶ ጎሽ ጣለ። ሴቶች ዘፈኑለት።

ጫኔ ዘፈኑን ሰማ፤ እህል አልወርድልህ አለው። በዚያ አገር የጠመንጃ ገድ የሚያድረው መቀርቀሪያው ላይ ነው ይባል ነበር። ጠመንጃውን ተሸክሞ ትብለጥ ቤት ሄደ።

«አንቺ፣ ለሱ ምን ጨመርሽለት?»

«ብረት፣ ጌታዬ።»

«ለኔም ጨምሪልኝ።»

ትብለጥ ፈታችው። ጥላሸት ቀባች፤ ዘጋች፣ ከፈተች፣ አየች።

«የእርስዎ አልተበላም። የጎደለው ተኳሽ ነው።»

ማረሻ ሊያስሉ ደጅ የተቀመጡት ገበሬዎች ሳቁ። ጫኔ ፊቱ ጠቆረ።

«እንግዲያው የሱን መቀርቀሪያ ለኔ፣ የኔን ለሱ አድርጊው። ከአንድ ሳጥን ነው የወጡት።»

«ከአንድ ሆድ የወጣስ መቼ አንድ ይሆናል፣ ጌታዬ? መቀርቀሪያ ከቤቱ ጋር ነው የሚያረጀው። የእርስዎ ከሳቸው ቤት ቢገባ ይላላል፤ ሰው ያጠፋል። አላደርገውም።»

ጫኔ ምራቁን ተፍቶ ሄደ።

ከዚያ ባላባቱ ገሰሰ ሞተ። ለቅሶው ላይ ሊተኮስ ጠመንጃዎቹ ዳስ ውስጥ ተደረደሩ። ጫኔ ሰው ሳያየው መቀርቀሪያዎቹን ለዋወጠ። የወንድሙ ከራሱ ጠመንጃ አልገባ ቢለው በድንጋይ መትቶ አስገባው። አንዳርጌ ለአባቱ ሊተኩስ ወጣ፤ ቃታ ሳበ። እሳቱ ወደ ኋላ መጣ። ቀኝ ዓይኑ ፈሰሰ።

«ትብለጥ በላችው» አለ ጫኔ። «ትብለጥ በላችው» አለ አገሩ። ቤቷን ሊያቃጥሉ ችቦ አቀጣጠሉ፤ እሷን እየጎተቱ ሽማግሌዎች ፊት አቆሟት።

«ስታቃጥሉኝ ታቃጥሉኛላችሁ፤ መጀመሪያ ሁለቱንም ጠመንጃ አምጡልኝ» አለች።

አመጡላት። ትብለጥ ፈታቻቸው። ከጫኔ ጠመንጃ ውስጥ የአንዳርጌ መቀርቀሪያ ወጣ፤ የሞላችው ብረት አለበት፤ ድንጋይ የፈነከተውም አለበት። የጫኔን መቀርቀሪያ ጥላሸት ቀብታ ከአንዳርጌ ጠመንጃ ከተተችው፤ ዘጋች፣ ከፈተች። ጥላሸቱ እንዳለ ነበር፤ ብረት ብረትን አልነካም። ጫኔን አየችው። ጫኔ መሬት መሬት አየ።

እውነቱ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ግን ሌላ ነገር አስፈራቸው። ወንድም ወንድሙን ካልማረ ቤቱ በደም ያልቃል አሉ። ጫኔ ድንጋይ ተሸክሞ ወንድሙ እግር ላይ ወደቀ። አንዳርጌ በቀረችው ዓይኑ አየውና ማረው። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ወደ ትብለጥ ዞሩ።

«አንቺ ጥፋት የለብሽም፣ ልጄ። ግን ጫኔ ባየሽ ቁጥር ያፍራል፤ እርቁ አይጸናም። አገር ልቀቂ።»

«ማፈሩ ነበር የሚበጀው» አለች ትብለጥ። ሰሚ አላገኘችም። ወናፏን ተሸክማ፣ ሴት ልጇን አስከትላ ወጣች። የት እንደሞተች የጓንጉት ሰው አላወቀም፤ አልጠየቀምም።

እስከ ዛሬ በዚያ አገር ለለቅሶ የሚተኩስ ሰው አስቀድሞ መቀርቀሪያውን አውጥቶ ለጎረቤቱ ያሳያል። «የራሴ ነው፣ ትብለጥን» ብሎ ይምላል። ባልና ሚስት ሲጣሉም ሽማግሌዎቹ «መቀርቀሪያ ከቤቱ ጋር ያረጃል» እያሉ ያስታርቃሉ። እሷን ከቤቷ ያወጡ ሰዎች ልጆች ናቸው ይህን የሚሉት። እኛ ከሷ የተወለድነው በሰው አገር አረጀን፤ ስሟ እነሱ ዘንድ ቀረ። ሲምሉባት እሰማለሁ፤ እቀናለሁ።

በቀደም ከጓንጉት ሰው ልከውብኝ ነበር፤ የድሮው ይብቃ፣ ይቅር በዪን አሉ። ጫኔን ይቅር አልልም። የማረውን አንዳርጌንም አልልም። ያስታረቁትን ሽማግሌዎችም አልልም። ማንንም ይቅር አልልም።