የጅብ ደረትና የአህያ ዓይን

አንድ ጊዜ ጅብ አህያን በደላት፤ ቡዳ ናት ብሎ ስሟን አጠፋ። ማን? ጅብ! «ቡዳ ሌሊት ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል» ሲባል ሰምቶ የማያውቅ ይመስል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅብ ወደ ዋሻው የሚያስኬደውን ዳገት ሲወጣ ደረቱ ጭምድድ እያለ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። እሱ ጮማ ሲጎርስ ደግሞ አህያ በዚያ በኩል ሣር ስትግጥ ቀና ብላ አይታው ነበር። በቃ፣ ጥፋተኛ ተገኘ።

«በልታኛለች!» ብሎ አንበሳ ዘንድ ከሰሳት።

«እኔ? እኔ ሣር ነው የምበላው!» አለች አህያ።

አንበሳ እንቅልፉ መጥቶበት ነበር። «ክረምቱ ሲወጣ ሸንጎ እንቀመጣለን። ያን ጊዜም ደረቱ እንደተያዘ ከሆነ፣ አንቺ ከዚህ ሸለቆ ትወጫለሽ» ብሎ ተነሣ። ከሸለቆው ወዲያ ምንጭ የለም፤ ያለው ጠጠርና ቁልቋል ነው። እንግዲህ ምስኪኗ አህያ፣ ሊበላት የሚመኛትን ጅብ ማስታመም ግዴታ ሆነባት። ከዚህ የበለጠ የሚያበሽቅ ነገር ካለ ይነገራት!

እየገፋች ሐኪሟ ኤሊ ዘንድ ወሰደችው። ኤሊ ከጆሮው ጫፍ ደም ወስዳ መረመረችና ራሷን ነቀነቀች።

«ኮሌስትሮልህ በዝቷል። ትንሹ ለሰውነት ያስፈልጋል፤ ጉበትህ ራሱ ይሠራዋል። ሲተርፍ ግን የደም ሥርህ ላይ እየተለጠፈ መንገዱን ያጠባል።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አላመመኝም?»

«እስኪጠብ ድረስ መች ይናገራል! ለዚህ ነው መመርመር ያለው። ጮማውን ተው፣ ከቀዩ ሥጋ በትንሹ ብላ፣ ጎመን ልመድ፣ በየቀኑ በእግርህ ሂድ። የምሰጥህንም መድኃኒት ተሻለኝ ብለህ እንዳትጥል።»

«ቀይ ሥጋ የሕፃን ነው» ብሎ አጉረመረመ ጅብ።

በሳምንቱ አህያ ጎመን ተሸክማ ብትመጣ፣ ጅብና ቀበሮ ሻኛ ከበው ቁጭ ብለዋል። ቀበሮ ከትራፊው የሚኖር ነውና ድግሱ እንዳይቀር ይሰጋል።

«ጌታዬ፣ ኮሌስትሮል እኮ የወፍራም በሽታ ነው፤ የእርስዎ ጎድን ደግሞ ይቆጠራል!» አለ ቀበሮ። «ደግሞስ ጮማ በአረቄ ሲወራረድ ይቀልጥ የለ?»

«አየሽ?» አለ ጅብ አፉን እየጠረገ።

አህያ ከሻኛው ቁራጭ አንሥታ ዋንጫ ውስጥ ከተተችና አረቄ ሞላችበት። «በል፣ ሲቀልጥ ጥራኝ» አለችው። ተቀመጡ። ጠበቁ። ጥላው ዞረ። ጮማው አረቄው ውስጥ እንደ ባላባት ተጋድሟል፤ ጥጉ እንኳ አልጎደለም።

«ምናልባት አረቄው ውሃ ገብቶበት...» ማለት ጀመረ ቀበሮ።

«አንተ ዝም በል! የሚጠበው የአንተ ደረት አይደለም! በሽታው ቀጭኑንም ወፍራሙንም ይይዛል።» ወደ ጅብ ዞረች። «ነገ ጠዋት ከምንጩ ጀምረህ ዳገቱን ቀስ እያልክ በእግርህ ትወጣለህ። ሲደክምህ ታርፋለህ፤ ስትለግም ግን እኔ ከኋላህ ነኝ፣ ርግጫዬን ታውቃለህ።»

ክረምቱን ሙሉ ወጣ፣ ወረደ፣ አጉረመረመ። ጎመን ሲያይ ያለቅሳል። መድኃኒቱን ምላሱ ሥር ሊደብቅ ይሞክራል፤ አህያም አፉን አስከፍታ ታያለች። የጅብ አፍ! እናቷ ብታያት ምን ትል ነበር?

ቀስ በቀስ ግን ትንፋሹ ረዘመ። ኤሊም ደሙን ደግማ አይታ «ወርዷል፤ እንዲህ እንዳለህ ቀጥል» አለችው።

የሸንጎው ቀን ጅብ ዳገቱን ሳያርፍ ወጣ። አንበሳም «አህያ ነጻ ናት» ብሎ ፈረደ። ይህን ጊዜ ጅብ ደረቱን ነፍቶ፣ «መቼም ለቀቀችኝ፤ እኔም ይቅር ብያታለሁ» አለ። ምስጋና ስትጠብቅ የነበረችው አህያ ጆሮዋን ማመን አቃታት። እሱ መች በቃው! «በይ እንግዲህ፣ ድኛለሁና ለደስታዬ ጮማ ተሸክመሽ አምጪልኝ፤ አረቄውን ቀበሮ ይይዛል» አላት።

ከዚህ የምንማረው አህያ በሸንጎው ፊት ጮክ ብላ የመለሰችለትን ነው፦ «አያ ጅቦ፣ የበላህ የእኔ ዓይን ሳይሆን የገዛ ጉሮሮህ ነው፤ ዛሬ ትንፋሽ ያገኘኸውም ጮማውን ስለተውክ ነውና፣ ወደሱ ከተመለስክ ያን ዳገት ብቻህን ውጣው፤ የእኔ ጀርባ ጎመን እንጂ የአንተን ሆዳምነት አይሸከምም!»