ካሜራ ሲያማርጥ የከረመ ሰው

አንድ መሬት ቀያሽ ነበረ። ካሜራ ሊገዛ ተነሣ፤ በጊዜው ግን አልገዛም።

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ለመንገድ የሚመች፣ ለቤተሰብ ፎቶ የሚሆን፣ ኪስም የማይጎዳ ዲጂታል ካሜራ የትኛው ነው ብለሽኛል። ባለፈው ሳምንትም ብለሽኛል፤ ከዚያ በፊት በነበረውም ሳምንት ብለሽኛል። አባትሽ ከታመሙ ወዲህ ከቤት ወጥተው እንደማያውቁ፣ ሐዋሳ ወስደሽ ሐይቁን ልታሳዪያቸው እንደምትፈልጊ ነግረሽኛል። አርባ ዓመት እዚህ ፎቶ ቤት ውስጥ ቆሜ ስንት ዓይነት ካሜራ በእጄ እንዳለፈ እኔም አላውቀው። ስም ጠርቼ ልሸኝሽ እችል ነበር። ነገር ግን የቀያሹን ታሪክ ሳትሰሚ ብትሄጂ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስለዚህ ተቀመጪና ስሚ። ደብተርሽንም ዝጊው።

ቀያሹ ጠንቃቃ ሰው ነበረ። ሥራው እንዲያ አድርጎታል። አንድ ክንድ ቢስት ሁለት ጎረቤታሞች ዕድሜ ልካቸውን ሲካሰሱ ይኖራሉ፤ ይህን በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ ገመዱን ሁለቴ ይዘረጋል፣ የለካውን ሦስቴ ያመሳክራል። ሜዳ ላይ ይህ ጠባዩ ያስከብረው ነበር። ክፋቱ ቤቱም ይዞት መግባቱ ነው። እሱ ጫማ ሊገዛ ሲመጣ ባለሱቁ ምሳውን ቀድሞ ይበላል እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

እናቱ አብረውት ይኖራሉ። የተወለዱት ከሸለቆው ማዶ፣ ቆላ ውስጥ ነው። ሁለት እኅቶች እዚያ ቀርተዋቸዋል፤ አንዷ ታላቅ፣ አንዷ ታናሽ። ከተለያዩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እኚህ እናት በሕይወታቸው አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያላቸው፤ እሱም መታወቂያቸው ላይ ያለው ነው። ሊያስሯቸው የመጡ ይመስል ደንግጠው ይታያሉ። ልጃቸው ያቺን ፎቶ ባየ ቁጥር፣ እናቴ የሞተች ቀን ለልጆቼ የማሳያቸው ይህን ነው ወይ እያለ ይጨነቃል።

በክረምቱ መግቢያ ላይ ቃል ገባላቸው። ዝናቡ ሲያባራ፣ መንገዱ ሲደርቅ እኔው ራሴ ይዤሽ እወርዳለሁ፤ ሦስታችሁን እኅትማማቾች ጎን ለጎን አስቀምጬ ደህና ፎቶ አነሣችኋለሁ አላቸው። የእናቱ ጉልበት ያን ጊዜም እየደከመ ነበር። ቢሆንም በማግሥቱ ከሣጥን ነጩን ቀሚሳቸውን አውጥተው አጥበው አሰጡት። ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ሊያነሣን ነው ብለው አወሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ማማረጥ ሆነ። አንደኛው ካሜራ ሌንሱ ግሩም ነው፣ የሩቁን ተራራ አምጥቶ ደጃፍ ላይ ያቆመዋል፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ እናቴንና ልጆቼን ይዤ ያን ቁልቁለት እንዴት ተሸክሜው እወርዳለሁ ብሎ ተወው። ሁለተኛው ቀላል ነው፣ ኪስ ይገባል፤ ቤት ውስጥ ብርሃን ሲያንስ ግን ፊት ያጠቁራል አሉት። የአክስቶቹ ቤት አንድ መስኮት ብቻ ስላለው ይህንንም ፈራ። ሦስተኛው በሁሉም ተስማምቶት ሳለ ባትሪው ቶሎ ያልቃል የሚል አንድ ሰው አገኘ። ለእሱ አንድ ሰው ይበቃዋል። አራተኛው ከአቅሙ በላይ ነበር። አምስተኛው ርካሽ ነው፣ ርካሽነቱ ራሱ አስፈራው። ሰው የተጠቀመበት ካሜራ በግማሽ ዋጋ ሲያሳዩት፣ ደህና ቢሆን ባለቤቱ ለምን ይሸጠዋል አለ። በመጨረሻ ደብተር ገዝቶ፣ መሬት እንደሚቀይስ ገጹን በመስመር ከፋፍሎ ሁሉንም ጻፈ። ሃያ አንድ ደረሱ።

ሚስቱ ነገር የገባት ሴት ነበረች። በስልክህ አንሣቸውና እንሂድ አለችው። የስልኬ ካሜራ መስተዋቱ ተጭሯል፣ ለዚያ ቀን አይሆንም አላት። እንግዲያው ከወንድሜ እንዋስ አለችው። የሰው ዕቃ መንገድ ላይ ቢሰበርስ አላት። መራጭ ይወድቃል ከምራጭ ብላ ተረተችበት። እሱም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብሎ መለሰላት። ተረት ደግሞ ለሁሉም ይፈርዳል፤ ተርተው ተርተው ሁለቱም ወደየሥራቸው ተመለሱ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ወደ እኔ መጣ። ደብተሩን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ግማሽ ቀን ጠየቀኝ። አንዱን ጥያቄ ሦስቴ አራቴ ይመልሰው ነበር። ይህን ሰው የያዘው የካሜራ ነገር እንዳልሆነ ማወቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ስለ ሙያዬ ሲጠይቁኝ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። ስለ ሌንስ፣ ስለ ፍላሽ፣ ስለ ሚሞሪ ካርድ አወራሁለት። ሜጋፒክስል የሚሉት ቁጥር ስለበዛ ብቻ ፎቶ አያምርም ብዬ አስተማርኩት። በመጨረሻም የተሻለ ዓይነት በወሩ መጨረሻ ይገባልኛል፣ ትንሽ ታገሥ አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እሱም አመስግኖኝ ሄደ።

ያልኩት ካሜራ ገባ። መጥቶ አየው፣ ወደደው፣ ገንዘቡን ሁሉ አወጣ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። አዲስ የመጣ ዕቃ ገና ሰው አልሞከረውም፣ ጉድለቱ ሳይታወቅ የመጀመሪያው ገዢ እኔ አልሆንም ብሎ ገንዘቡን ኪሱ መለሰ። ያን ቀን ሳቅሁበት። ዛሬ ሳስታውሰው አልስቅም።

መንገዱ ደረቀ። ከቆላ መልእክት መጣ፤ የታላቂቱ እኅት ዓይን እየጠፋ ነው፣ ከጥላ በቀር አይታያቸውም፣ ቶሎ ኑ የሚል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሲሰማ ጓዙን ጠቅልሎ ይነሣ ነበር። ቀያሹ ግን ይብሱን ፈራ። እንግዲህ ሁለተኛ ዕድል የለኝም፣ ይህ ፎቶ ከተበላሸ የሚመለስ ነገር የለም አለ። ምግብ አልበላ አለው። የቆላ ፀሐይ ኃይለኛ ነው፣ ነጩ ቀሚስ አብረቅርቆ ፊታቸውን ያጠፋው ይሆን ብሎ ሥራ ላይ ሳለ ያስባል፣ ገመዱን ይዞ ይቆማል። እናቱ በየጠዋቱ መቼ ነው የምታነሣን ይሉታል። ቀርቧል ይላቸዋል። ማንሣት የምትባለው ቃል በዚያ ቤት ከክረምቱ ጀምሮ አንድ ትርጉም ብቻ ነበራት።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ገበያ ወጣች። እናቱ ግቢው ውስጥ ከግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። እሱ ጀርባውን ሰጥቷቸው በረንዳው ላይ ደብተሩን አቀርቅሮ ያያል። ከሃያ አንዱ ካሜራ ሁለት ቀርተውት ነበር።

«ልጄ፣ አንሣኝ» አሉት።

ቀና አላለም። «ትንሽ ታገሺኝ እማዬ፣ ካሜራው ገና አልተገዛም» አላቸው።

ጥቂት ቆይተው፣ ድምፃቸው ቀነስ ብሎ፣ እንደገና አንሣኝ አሉት። እሱም ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ አንዴ ነው የምትነሺው፣ ደህና አድርጌ ነው የማነሣሽ አላቸው። ሦስተኛ አልጠየቁትም። ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ ሄደች። እሱ ከሁለቱ አንዱን ለመሰረዝ እርሳሱን ይቀርጽ ነበር።

ሚስቱ የግቢውን በር ከፍታ ስትገባ ዘንቢሉ ከእጇ ወደቀ። አማቷ ከበርጩማው ተንሸራተው መሬት ላይ ናቸው። ትከሻቸው ግድግዳውን ተደግፏል፣ አንድ እግራቸው ከሥራቸው ታጥፏል፣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ጠመም ብሏል። ገና መጀመሪያ ሲጠሩትም መሬት ላይ ነበሩ።

«ምን ትጠብቃለህ፣ አንሣቸው እንጂ» አለችው።

ቀያሹ ዞረ። እርሳሱ በእጁ ነው። «በምን ላንሣት?» አላት።

«በእጅህ ነዋ።»

ያን ጊዜ ገባው። ሮጦ አነሣቸው። እሳቸው እሱን ስንት ጊዜ አንሥተው፣ እሱ እሳቸውን ሲያነሣ የመጀመሪያው ቀን ነበር። እንዲህ መቅለላቸውን አላወቀም። ይህን ሁሉ የነገረኝ እሱው ራሱ ነው፤ እዚህ አንቺ የተቀመጥሽበት ቦታ ተቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ።

እናቱ ተረፉ። ግራ ጎናቸው ግን አልታዘዝ አለ። ሐኪሙ ያን ቁልቁለትና ያን መንገድ አይችሉትም፣ አታስቡት አለ። ዓይናቸው የጠፋው እኅታቸውም ያን ሸለቆ ሽቅብ መውጣት የማይሞከር ሆነባቸው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

በሳምንቱ ሱቄ ገባ። ደብተር አልያዘም። ከፊት ለፊቱ የነበረውን አነስተኛ ካሜራ፣ አንዲት ሴት ተጠቅማበት እንድሸጥላት የተወችውን፣ በጣቱ ጠቆመ። ስለ ባትሪው ልነግረው ስጀምር በእጁ አስቆመኝ። ቤቱ ሄዶ እናቱን ነጩን ቀሚስ አልብሶ፣ አልጋቸው ላይ በትራስ ደግፎ አነሣቸው። ከዚያ ብቻውን ቆላ ወረደ። ሁለቱን አክስቶቹን ደጃፋቸው ላይ አስቀምጦ አነሣቸው። ሲመለስ ሁለቱን ፎቶ አምጥቶ፣ ጋሼ አንድ አድርግልኝ አለኝ።

በዚህ ሥራ አልታማም። በኮምፒውተር እናቱን ከአልጋው ለይቼ በሁለቱ እኅቶች መካከል አስቀመጥኳቸው። ብርሃኑን አስማማሁት። የታላቂቱን እጅ እትከሻቸው ላይ ያረፈ አስመሰልኩት። ያ ርካሽ ካሜራ ያነሣው ፎቶ ጥርት ያለ ነበር፤ እንከን አላገኘሁበትም። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ፎቶ ሊያነሣ የሚችል ካሜራ እዚህ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ቀያሹ በመስተዋት አሠርቶ ወሰደላቸው። እናቱ በደህናው እጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ አዩት። ታላቂቱን በጣታቸው ነኳት፤ ታናሺቱን ነኳት። ከዚያ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት።

«መቼ ነው የተገናኘነው?» አሉት።

ጎንበስ ብሎ ትራሳቸውን አቃናላቸው።

እንግዲህ ልጄ፣ ቀያሹ አንቺ ነሽ። እናቱ አባትሽ ናቸው። ትንሽ ታገሥ ያለው አዋቂ ነኝ ባይ ደግሞ እኔ ነኝ። ዛሬ ስትገቢ የተቆጣሁሽ ጠልቼሽ እንዳይመስልሽ፤ ያ ሰው ተመልሶ የመጣብኝ መስሎኝ ደንግጬ ነው።

አትምረጪ አላልኩሽም። ገንዘብሽን ለፍተሽ ነው ያመጣሽው፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ አትግዢ። ኪስ ወይም ቦርሳ ይግባልሽ፣ ባትሪው ቀን ያውልሽ፣ ቤት ውስጥ የሰው ፊት በደንብ ያሳይሽ። ቁልፎቹን በገዛ ጣትሽ ነካክተሽ ሞክሪያቸው። ይህን ለማየት አንድ ከሰዓት ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ጊዜ የአባትሽ ነው፤ ደብተር ላይ አታጥፊባቸው።

ፍርሃትሽ ይገባኛል። ፎቶው ከተበላሸ አባቴም አብሮ የሚያመልጠኝ ይመስለኛል ብለሽ ነው። ቀያሹም እንዲሁ ነበር ያለው። ሰው ሲታመምብን የምንሆነው ይጠፋናል፣ እጃችን ሊሠራው የሚችል ነገር ስንፈልግ ካሜራ እናገኛለን፣ እሱን እንይዝና እንጨነቃለን። የታመመው ሰው ግን እዚያው ግድግዳው ሥር ተቀምጧል።

አሁን አባትሽ ከማን ጋር ናቸው? ብቻቸውን አይደል? በይ ተነሺ። ያን ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ግራጫውን ያዢ፣ ነገ መንገድ ግቡ። ካሜራው መጥፎ ከሆነ ተመልሰሽ ስደቢኝ፤ የአንቺን ስድብ እችለዋለሁ። አባትሽ ሐይቁን ሳያዩ ቀርተው፣ እኔ የገጣጠምኩትን ፎቶ ይዘው «እዚህ መቼ ነው የሄድኩት?» ቢሉሽ ግን፣ ልጄ፣ አንቺ አትችይውም።