«ሁሉም ያውቃል» ያሉት ባላምባራስ

ተረት ተረት ስላችሁ ዛሬ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ «የበግ በረት» በሉኝ። ምክንያቱን ኋላ ታገኙታላችሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር፤ በኋላ ሽማግሌው ዋሸን እንዳትሉኝ። ይህን የሰማሁት በልጅነቴ ነው። ዘሩ ገብስ ይሁን ስንዴ በትክክል አላስታውስም። ገብስ ይመስለኛል። ገብስ እንበል። የዛፉን ዓይነትም ብስት ይቅር በሉኝ። የባላምባራሱን ቂልነት ግን አልስትም፤ እሱን አንድ ጊዜ የሰማ አይረሳውም።

በድሮ ዘመን ባላምባራስ ደርሰህ የሚባሉ ባለጠጋ ነበሩ። መሬታቸው ሰፊ፣ ሆዳቸው ሰፊ፣ አፋቸው ሰፊ። አንድ ነገር ብቻ ጠበባቸው። እሳቸው የሚያውቁትን ነገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስላቸው ነበር።

ሎሌያቸውን ይጠሩና «ያንን አምጣ!» ይሉታል።

«ምኑን፣ ጌታዬ?»

«ያንን ነዋ!»

ሎሌው ጦር ያመጣል። ይመቱታል። ኮርቻ ያመጣል። ይመቱታል። ውሃ ያመጣል። ይመቱታል። ለካ የፈለጉት የዝንብ መከላከያ ጭራቸውን ኖሯል። «እያወቀ ነው የሚያደርቀኝ!» ይላሉ። ሎሌውስ ከእሳቸው ራስ ውስጥ ገብቶ አላየ፣ በምን ይወቅ?

ከአጥራቸው ማዶ ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። ሁለት ልጆች ነበሯት። ትልቋ ዘርትሁን ትባላለች። ትንሹ ጣሰው ነው፤ ገና ጡት መተዉ ነው።

ጣሰው ድብብቆሽ ሲጫወት የእናቱን ነጠላ ፊቱ ላይ ይጥልና መሀል ቤት ይቆማል። ሆዱ ተገልጦ፣ እግሩ ታይቶ፣ «አልታይም!» ይላል።

«አንተ ባታየኝ እኔ አይሃለሁ፣ ሞኞ!» ትለዋለች እህቱ።

አንድ ቀን እናታቸው አይቡን ቅል ውስጥ አስቀምጣ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ዘርትሁን ጣሰው እያየ አይቡን ከቅሉ አወጣችና እንቅብ ደፋችበት።

«ጣስዬ፣ እማዬ ስትመጣ አይቡን የት ትፈልገዋለች?»

«ከእንቅቡ ሥር!»

«እማዬ እኮ አላየችም።»

«እዚያ ነዋ ያለው!»

እናታቸው መጣች። እንስራዋን አወረደች። ቀጥ ብላ ወደ ቅሉ ሄደች። ጣሰው አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያም «እማዬ ተሳሳተች!» ብሎ ለቅሶውን አቀለጠው።

ትርንጎ አቀፈችው። «ያላየሁትን በምን ልወቅ፣ ልጄ? አንተ ያየኸው በአንተ ልብ ነው ያለው። በእኔ ልብ ያለው ሌላ ነው።» ዘርትሁን ስትስቅ አየቻትና «አትሳቂበት፣ አንቺም እንዲሁ ነበርሽ። ልጅ ሲያድግ ይተወዋል» አለቻት።

እውነቷን ነው። ልጅ ሲያድግ ይተወዋል። ባላምባራስ ግን ጢማቸው ሸብቶም አልተዉት።

ያገሩ ሰው ዘሩን በጉድጓድ ይቀብራል። የትርንጎ ጉድጓድ ቆርች ከሚባለው ዛፍ ሥር መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ዓመት ግን ውሃ ገባበት። ትርንጎም ከልጆቿ ጋር ዘሩን አወጣችና ከበግ በረቷ እበት ሥር ሌላ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው። ለማንም አልነገረችም።

ባላምባራስ ግን በአጥሩ ቀዳዳ ያዩ ነበር። «ዘር ካላት ትዘራለች። ዘር ከሌላት መሬቷን ለእኔ ትታ ትሰደዳለች» አሉ በልባቸው።

የማርያም ንግሥ ደረሰ። አገሩ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ባላምባራስ «ሆዴን ቆረጠኝ» ብለው ቀሩ። ሎሌ ቢያግዛቸው መካፈል ሊመጣ ነው፤ ስለዚህ ብቻቸውን ቆፈሩ፣ ብቻቸውን ተሸከሙ፣ ብቻቸውን እበቱን መልሰው ደፉበት። በዕድሜያቸው የሠሩት ሥራ ይኸው ብቻ ነው ይባላል።

ትርንጎ ስትመለስ እበቱ ተነካክቶ አየች። እጇን ብትሰድ ባዶ ነው። መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ሰኔ ሊገባ ነው! ምን እዘራለሁ? ልጆቼን ይዤ የሰው ደጅ ልጠና?»

«እማዬ፣ ለጭቃ ሹሙ ንገሪያቸው» አለች ዘርትሁን። «ግን "ዘሬ ከጉድጓዱ ተሰረቀ" ብቻ በያቸው። የቱ ጉድጓድ እንደሆነ አትናገሪ። ሰዉ በልቡ የሚያስበው የቆርቹን ነው። የበረቱን የሚያውቅ እኛና ሌባው ብቻ ነን።»

ጭቃ ሹሙ አቶ ላቀው አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ ማለት፣ ልጆች፣ ያገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ የማይገባበት የድሮ ሕግ ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ማለ። ከሁሉ አስበልጠው የማሉት ባላምባራስ ናቸው። ቀጥሎ ሁሉም ያየውን ተጠየቀ። ያየ የለም። ፀሐይዋ በረታች፤ ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። በሦስተኛው ትርንጎ ተነሥታ «ልጄ ትጠይቅልኝ» አለች።

ባላምባራስ ከት ብለው ሳቁ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም! ይህች ጩጬ ልትዳኘን ነው?»

«ከእኛ ጥያቄስ ምን ተገኘ? ትጠይቅ» አሉ ጭቃ ሹሙ።

ዘርትሁን ጣሰውን አዝላ ወጣች። አስቀድማ አፉን በዳቦ ሞላችው፤ ወንድሟን ታውቀዋለቻ።

«አባ ይርጋ፣» አለቻቸው ሸማኔውን፣ «የሌባውን ዱካ ይፈልጉ ቢሉዎ የት ይሄዳሉ?»

«ከቆርቹ ሥር ነዋ፣ ልጄ።»

«እትዬ ብርቄስ?»

«ከቆርቹ ሥር። ሌላ የት አለና?»

ጣሰው ከጀርባዋ ተንፈራገጠ። «በ… በ…» አለ። ዳቦው አነቀው። ዘርትሁን ሌላ ጉርሻ ጨመረችለት። የጣሰውን አፍ ዳቦ ዘጋው። የባላምባራስን አፍ የሚዘጋ ግን አልተገኘም።

«እርስዎስ፣ ባላምባራስ?»

«እናንተ ደንቆሮዎች!» አሉ እየተነሡ። «ቆርች፣ ቆርች ትላላችሁ! ከቆርች ሥር ምን አለ? ከበግ በረቱ እበት ሥር ነው እንጂ የሚፈለግ!»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያቸው።

«የቱ በረት፣ ባላምባራስ?» አሉ ጭቃ ሹሙ ቀስ ብለው።

«የትርንጎ ነዋ! ዘሩ የነበረበት!»

«ዘሩ ከበረት ሥር ነበረ እንዴ?»

«ሁሉም ያውቃል!»

«እኔ አላውቅም» አሉ አባ ይርጋ። «እኔም አላውቅ» አለች ብርቄ። «እኔም!» «እኔም!» አለ ሜዳው። ባላምባራስ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ዞሩ። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ፊት ልብ ብለው ማየታቸው ነበር።

«እሷ… እሷ ነግራኝ ነው!»

«ለልጆቼ እንጂ ለማን ነገርኩ?» አለች ትርንጎ።

ከዚህ ወዲያ እኔም አንቱ አልለውም። ባላምባራሱ ኩታውን አነሣና ፊቱን ሸፈነ። ቦርጩ ተገልጦ፣ እግሩ ታይቶ፣ መሀል ሜዳ ላይ ቆመ።

ያኔ ጣሰው ዳቦውን ውጦ ነበር። ጣቱን ቀሰረና ጮኸ፦ «ትታያለህ! ሞኞ፣ ትታያለህ!»

ሰዉ በሳቅ ወደቀ።

ዘሩ ከባላምባራሱ ጎተራ ወጣ። ያንኑ ያህል ከራሱ ገብስ ተጨመረበት። በራሱ በሬዎች፣ በራሱ እጅ ሞፈር ይዞ የትርንጎን ማሳ እንዲያርስ ተፈረደበት። ሎሌ እንዳያግዘውም ተከለከለ፤ ሲሰርቅ ብቻውን ነበራ። ጣሰው ድንበሩ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው።

አበው «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። ልጅ አፉን ሲከፍት ነገ የሚያድግ ጭንቅላት ይታያል። የዚህኛው አፍ ሲከፈት ግን የታየው ጎተራ ነው፤ ያውም የተሰረቀ እህል የሞላው።

ተረቴ እዚህ ላይ በረቱን ይዝጋ። ከዚያ ወዲህ ያለውን በእርግጥ አላውቅም፤ ያላወቅሁትንም አውቃለሁ አልልም። የመጨረሻውን ወሬ ያመጣልኝ ያኔ በልጅነቴ ከዚያ አገር የመጣ አንድ እህል ነጋዴ ነው። የትርንጎ ገብስ አሽቷል አለኝ። ባላምባራሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ያንን አምጣ!» ሲል ሰምቶታል፤ ሎሌው ግን ጥሎት ከሄደ ቆይቷል። ይህን የነገረኝ የጥቅምት ሚካኤል ዕለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም አልሰማሁም።