በመካከል የተቀሰቀሰው ሰው

በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ወይዘሮ አስካለና የባላቸው ታላቅ ወንድም አቶ ገዛኸኝ በሆስፒታል ኮሪደር ተቀምጠው ነበር። ባልየው ከበሩ ወዲያ በደረቱ ተኝቶ ጀርባው ተከፍቷል።

ሰውየው አናጢ ነው። አከርካሪው ውስጥ እብጠት ወጥቶበታል፤ ከአጥንት ሳይሆን ከለስላሳው ሥጋ የሚነሣ፣ ሐኪሞችም ከስንት አንዴ የሚያዩት ዓይነት። ወደ እግሩ በሚወርደው ነርቭ ላይ ተጠምጥሟል። ካልወጣ እግሩን ያሳጣዋል። ሲወጣ ነርቩ ከተጎዳም እግሩን ያሳጣዋል።

ታዲያ ቀዶ ሐኪሙ ምን አደረገ? ሥራውን አጋምሶ ሰውየውን አስቀሰቀሰው። አዎን ወገኖቼ፣ ጀርባው እንደ ተከፈተ። ሕመም እንዳይሰማው አድርገው እንቅልፉን ብቻ አቀለሉለት። እግሩን ካንቀሳቀሰ ይቀጥላሉ፤ ካላንቀሳቀሰ እዚያው ያቆማሉ።

የማደንዘዣ ባለሙያዋ ሲስተር ትርሲት በጆሮው ጠራችው። «አቶ ጥበቡ፣ እግርዎን ያንቀሳቅሱ።» ዝም። ደግማ ጠራችው። ዝም። ሐኪሙ እጁን ሰብስቦ ቆመ። ሰውየው አልሰማ ይሆን? ወይስ እግሩ ከድቶት ይሆን?

ሲስተር ትርሲት ነርስ ላከች፤ ቤት ውስጥ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ጠይቂልኝ ብላ። ወይዘሮ አስካለ፣ ጥበቡ የመታወቂያ ስሙ ነው አሉና አቶ ገዛኸኝን አይተው አንገታቸውን ደፉ። አቶ ገዛኸኝ ገባቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩላቸው።

«ሙሽራዬ ነው የምለው» አሉ ወይዘሮ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው። «ይኸው ልጆች ድረን እንኳ አልተውኩትም።»

ሲስተር ትርሲት ይህን ስትሰማ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ፣ «ሙሽራዬ፣ እግርህን አንቀሳቅስ» አለችው።

መጀመሪያ ግራ እግሩ፣ ቀጥሎ የቀኝ አውራ ጣቱ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ መልሰው አስተኙት። ኋላ ሲነግሩት አንዱንም አላስታወሰም።

ወገኖቼ፣ እስቲ ይህን አስቡት። ቢላው ከነርቩ አጠገብ ደርሷል፤ የሚቆርጠው እጅ ግን ቆሞ ይጠብቀዋል። እናንተስ? ቤታችሁ በሐዘን በተከፈተ ጊዜ፣ «እግዚአብሔር ቆረጠኝ፤ ትቶኝም ሄደ» አላላችሁም? ያን ጊዜ ወደ ጆሯችሁ ጎንበስ ያለው ማን ነበር? ያው እርሱ ነበር፤ በሹመታችሁ አልጠራችሁም፤ በመዝገብ ስማችሁም አልጠራችሁም። በሚወዷችሁ ሰዎች አፍ ጠራችሁ። ተነሥታችሁ ፊታችሁን ታጠባችሁ፤ ልጆቻችሁን አበላችሁ። ይህ የራሳችሁ ብርታት መሰላችሁ? ሰውየው እግሩን መቼ እንዳንቀሳቀሰ ያውቃልን? አያውቅም። ተጠርቶ ግን ታዟል። እናንተም ታዛችኋል።

እብጠቱ ወጣ፤ ከነርቩ ጋር የተጣበቀው ስስ ቁራጭ ግን እዚያው ተተወ። ሰውየው ዛሬ በከዘራ ይሄዳል፤ በየስድስት ወሩም ለምርመራ ይመለሳል።