ጋያና ወተት

አንድ ጊዜ፣ ከጅብ ዋሻ በላይ ባለ አቀበት፣ እመት አህያ ከአንድያ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ከጅብ የሚያድናት ሩጫዋ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማለዳ ማለዳ ልጇን አስከትላ አቀበቱን ሽቅብ ትጋልባለች። አያ ጅቦ ከታች ሆኖ ምራቁን ይውጣል። ከአያ ጅቦ የተረፈ አጥንት የሚለቃቅመው ቀበሮም አብሮት ይራባል።

አንድ ቀን ቀበሮ የትምባሆ ጋያውን ይዞ መጣ።

«እመት አህያ፣ ሩጫው አደከመሽ አይደል? እስቲ ሳብ ሳብ አድርጊ።»

«ኧረ ደረቴን አቃጠለኝ!»

«ወተት ጠጪበታ! ወተት እኮ ጭሱን ሙልጭ አድርጎ ያጥበዋል።»

የዋህ ናት፣ አመነችው። ወተቱ የሚወርደው ወደ ሆድ፣ ጭሱ የተቀመጠው ሳንባ ላይ፤ ማን ይንገራት? ደግሞስ ክፉ አመል መቼ ብቻውን ይመጣል? ጋያው ጫት አማረው፤ ጫቱ እንቅልፍ ነሳት፤ ምርቃናውን ለመስበር አረቄ ተጨመረ። ማልዶ መነሳት ቀረ፤ ግልቢያውም ቀረ። ወተቷን ግን አንድ ቀን አታስታጉልም። እሱን ግጥም አድርጋ «ጤናዬንማ እየጠበቅሁ ነው» ትላለች። ወይ ጤና!

«እማዬ፣ ዛሬም አንሮጥም?» ይላታል ልጇ።

«ነገ፣ የኔ ጌታ። ነገ።»

ጭጋግ በወረደበት አንድ ጠዋት አያ ጅቦ አቀበቱን ወጣ። እናትና ልጅ ተፈተለኩ። እሷ ሃያ እርምጃ ሳትሄድ ሳል አንቆ ጣላት። ልጇስ አምልጦ ነበር፤ ማምለጡንስ አምልጦ ነበር! የእናቱን ሳል ሲሰማ ግን አንጀቱ አልችል አለና ተመለሰ።

«ሂድ! አትምጣ!» ልትለው ፈለገች። ትንፋሽ ከየት ይምጣ?

አያ ጅቦ እናትየዋን አሸተተና ፊቱን አጨማደደ።

«እፍ! አንቺማ ጭስ ጭስ ትያለሽ» ብሏት ወደ ልጅየው ዞረ። ቀበሮም ለአጥንቱ ከኋላ ደረሰ።

በማግስቱ ጎረቤት ሁሉ ለለቅሶ ተሰበሰበ። ቀበሮ ሳይቀር አፉን ጠራርጎ «እግዜር ያጥናሽ» ሊላት መጣ። እናት እሪ ብላ ልጇን ልታለቅሰው አፏን ከፈተች። ድምፅ የለም። ሌሎች አለቀሱላት፤ እሷ ጉሮሮዋን ይዛ ታያቸዋለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ጭስ ሌሎች ክፉ አመሎችን ጠርቶ ቤት እስኪሞላ ድረስ በአንድ ደግ ልማድ ራሱን የሚያታልል ሰው፣ የሚወዳቸው በሚፈልጉት ቀን ትንፋሽ እንደሚያጣ ነው።