የእመት ጥጊቱ ጓሮ

«ከዚህ ሁሉ አረም ውስጥ እባብ ቢወጣስ?»

እማማ አትጠገብ እንዲህ ብለው የጠየቁት ከአዲሱ ቤት ጓሮ በር ላይ ቆመው ነው። ዛሬ ሰው በሆነ ባልሆነው ጣል የሚያደርጋት ያቺ አጭር አባባል የተነሣችው ከዚያው ጓሮ ነው ይላሉ፤ ነገሩም እንዲህ ነው።

እማማ አትጠገብ ከእናቷ ጡት ተቀብለው ያሳደጓት የልጅ ልጅ ነበረቻቸው፤ የሻረግ ትባላለች። ይሁኔ የሚባል የቆላ ጎበዝ አገባች። የይሁኔ አክስት እመት ጥጊቱ ደጋ ላይ ይኖሩ ነበርና ልጅ ሳይተኩ ሲያርፉ ቤቱና ጓሮው ለእሱ ደረሰው። እነሆ ሦስቱም ከማሽላ አገር ጓዛቸውን ጭነው ወጡ። አሮጊቷ ከገቡ ጀምሮ ሐሳብ አላስቀመጣቸውም። ብርዱ ልጄን ያሳምምብኝ ይሆን? ጎረቤቱስ ሰው ይወድ ይሆን? በሰው አገር እሳት የሚጫጫሩት ጎረቤት ከታጣ ምን ይኮናል?

ይሁኔ ግን ከደስታው ብዛት እግሩ መሬት አልረግጥ ብሎታል። እመት ጥጊቱ ታመው ስለከረሙ ጓሮው ሰው ቢገባበት አይታይም፤ እሱ ግን አረሙን አላየውም፤ ያየው ገና ያልተተከለውን ነው። በበትር መሬቱን እየጫረ ይዞራል።

«እዚህ ነጭ ሽንኩርት! እዚያ ድንች! አጥሩን ተከትሎ ጌሾ! መሐል ላይ ደግሞ የኮክ ዛፍ!»

«ጥላው ሽንኩርቱን አይገድለውም?» አለች የሻረግ እየሳቀች።

«እንግዲያው ኮኩ ወደ በሩ ይምጣ! ከሥሩ ልጃችንን ታስተኚበታለሽ።»

«መጀመሪያ ይወለዳ!»

«በስመ አብ! ያልተወለደ ልጅ እንዲህ በአደባባይ ይጠራል?» ብለው እማማ አትጠገብ አማተቡ። ቢያማትቡም ልባቸው ሞቅ አለ። ትንሽ ቆይተውም፣ «ለኔስ ጤና አዳሜን የት ትተክልልኛለህ?» አሉ።

«እርስዎ በጠቆሙበት!»

«በል እንግዲህ አረሙን ቶሎ መንጥርልኝ፤ እባብ እፈራለሁ። ግን ልጄ፣ መጀመሪያ ጎረቤት ጠይቅ፤ የማያውቁት አገር ሣሩም ባለቤት አለው።»

ሁለት ነገር ተናገሩ፤ ይሁኔ የሰማው ፊተኛውን ብቻ ነው። ወዲያው ማጭዱን ስሎ ገባበት። መጭ፣ አሜኬላ፣ ሳማ ሳይለይ እያጋደመ ሄደና ወገብ የሚደርስ፣ ደርቆ ቢጫ የሆነ አገዳ ከሞላበት መደብ ደረሰ። ያን ሲመታው እንደ ዝናብ ጠብታ እየተንሿሿ የሚረግፍ ነገር አለ።

«ይሁኔ፣ ይህ የሚረግፈው ምንድን ነው?» አሉ እማማ አትጠገብ አንገታቸውን አስግገው።

«የአረም ፍሬ ነዋ፣ እማማ! ዛሬ ካልነቀልነው በክረምት ራሳችን ላይ ይበቅላል!»

አገዳውን እየጎተተ፣ እየረገጠ፣ ከአጥሩ ሥር ከመረው። የሻረግ ቅጠሉን ትጠርጋለች፤ አሮጊቷ ጉልበታቸውን እየረገሙ ድንጋይ ይለቅማሉ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ጓሮው እንደ አውድማ ተገለጠ። እባብም አልወጣ።

ይሁኔ ክምሩን ሊያቃጥል ፍም ፍለጋ ወደ ምድጃው ገባ። በዚያው ቅጽበት ከፊት በር በኩል ድምፅ ተሰማ።

«ቤቶች!»

አያ ቢምረው የሚባሉ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከኋላቸው አራት አምስት ሴቶች ተከትለዋቸዋል፤ በየእጃቸው ትንንሽ ቅል ይዘዋል። እማማ አትጠገብ፣ «ጎረቤት መጣልን!» ብለው የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው፤ መደቡን በነጠላቸው ጠርገው አስቀመጡ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉ አያ ቢምረው። «የጥጊቱን ነፍስ ይማር። እንግዳ ሳያርፍ መምጣታችን ነውር ነው፤ ግን ጥምቀት አልፏልና እንደ ልማዳችን የጎመኑን ዘር ልንካፈል ነው።»

«የምን ዘር?»

«እኛ ጎመናችንን ሳያብብ ቀንጥሰን እንጨርሰዋለን። ጥጊቱ ብቻ ነበረች ሳትነካ ለዘር የምታቆየው። ውርጭ የማይገድለው ዘር ከዚህ ጓሮ በቀር የለም። በክረምት ጎተራው ሲራቆት ልጆቻችንን የምናሻግረው በዚያ ጎመን ነው፣ እመይቴ።»

እማማ አትጠገብ ወደ ጓሮው በር ዞሩ። «ዘሩ... አገዳው ምን ይመስላል?»

«ወገብ ይደርሳል። አሁንማ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ሲነኩት ይረግፋል፤ ለዚህ ነው በጥንቃቄ የምናጭደው።»

ይሁኔ በገል ላይ ፍሙን እንደያዘ ባለበት ቆሞ ቀረ። አንዲቱ ሴት ፍሙን አየች፤ በጓሮው በር የተመነጠረውን አየች፤ ቅሏን ደረቷ ላይ ለጠፈች።

«አቃጠላችሁት?»

«አልተቃጠለም!» አለች የሻረግ። «ግን ረግፏል... መሬት ላይ ነው።»

አሮጊቷ ሥጋቸው አለቀ። «ቶሎ በል ያልኩት እኔ ነኝ፤ እባብ ፈርቼ! ልጆቼን አትቀየሙብኝ። በኛ አገር ጎመን የምናውቀው ገበያ ላይ ታስሮ ነው፤ ቆሞ፣ ደርቆ መች አይተነው እናውቃለን?»

ይሁኔ ፍሙን ወደ ምድጃው መለሰ። ከግድግዳው ላይ ሰፌዱን አወረደ፤ ቀና ብሎ ማንንም ሳያይ ወደ ጓሮው ወጣ።

ሁሉም በጓሮው በር አሻግረው አዩት። ጠዋት በበትር እየጫረ ሽንኩርትና ድንች ያካፈለው መሬት ላይ ተንበርክኳል፤ አፈሩን በእፍኙ ወደ ሰፌዱ ይዝቃል፤ ያንገዋልላል፤ እፍ ይላል፤ ከሰናፍጭ የማትበልጠውን ቅንጣት በጣቱ ጫፍ ያነሣል። ቅሏን ደረቷ ላይ ለጥፋ የነበረችው ሴት መጀመሪያ አፏን ያዘች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ የሌሎቹም ተከተለ።

«በሉ እንጂ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አግዙት!» አሉ አያ ቢምረው ሴቶቹን። ወደ እማማ አትጠገብ ዞር ብለውም፣ ዓይናቸውን ከተንበረከከው ጎበዝ ሳይነቅሉ፣ ፈገግ አሉ።

«አይዞዎት፣ እመይቴ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»